የእነ ሲምስ ቤት ልጆች

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» የሚባለው ከአንድ ማህፀን የወጡ ልጆች በጠባይም በዕጣም ስለሚለያዩ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ልጆቹ በፍላጎትም በችሎታም አንድ ሆነው ሳለ፣ ዥንጉርጉር የሚያደርጋቸው ከቤት ውጪ ያለው ዓለም ነው። የአውስትራሊያዎቹን የሲምስ ልጆች ታሪክ ሳነብ የታየኝ ይኸው ነው።

ወደዚህ ንባብ የወሰደኝ የቤተሰባችን ጉዳይ ነበር። ብሪዝበን የምትኖረው እህቴ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አለቻት። ልጅቷ በትምህርት ቤቷ ራግቢ ሊግ ትጫወታለች። ቪዲዮዋን ልካልን እናቴ ስታይ፣ ሁለት ልጃገረዶች የልጅ ልጇን ወገብ ይዘው መሬት ላይ አነጠፏት። «በስመ አብ!» ብላ ስልኩን ከእጇ ለቀቀችው። ከዚያ ወዲህ ሰላም አልነበረም። «አንቺ ታላቋ ነሽ፣ እህትሽን ምከሪያት እንጂ! ሴት ልጅ እንዲህ ስትወድቅ ዝም ይባላል?» ትለኛለች። እህቴ ደግሞ በስልክ «እማዬን አረጋጊልኝ» ትላለች። ለመምከርም ለማረጋጋትም ማወቅ ይቀድማልና ማንበብ ጀመርኩ።

ጨዋታው ቀላል አይደለም። በየቡድኑ 13 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሷ በእጅ ተይዛ ይሮጥባታል፤ የያዘችውን ተጫዋች ተጋጣሚዎቿ በክንዳቸውና በትከሻቸው ይጥሏታል። አንድ ቡድን ስድስት ጊዜ ከወደቀ ኳሷን ያስረክባል። እናቴ የፈራችው በከንቱ አልነበረም።

ከሲድኒ በስተደቡብ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ጄሪንጎንግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የሲምስ ልጆች የዚያች ከተማ ልጆች ናቸው። ሩዋን ታላቅ ናት፤ አሽተን፣ ታሪቅና ኮርቢን ወንድሞቿ ናቸው። ሦስቱም ወንዶች በአገሪቱ ትልቁ የራግቢ ሊግ ውድድር ተጫውተው እንጀራቸውን ከኳስ በልተዋል። ለሩዋን ግን መንገዱ እንዲያ አልነበረም። በእሷ የልጅነት ዘመን ሴት ልጅ ከወንዶች ጋር የምትጫወተው እስከ 12 ዓመቷ ገደማ ብቻ ነበር።

ሩዋን ጨዋታውን አልተወችም። እ.ኤ.አ. በ2013 እንግሊዝ አገር ሊድስ ላይ አውስትራሊያ ኒውዚላንድን 22 ለ 12 አሸንፋ የዓለም ዋንጫን ስታነሳ በቡድኑ ውስጥ ነበረች። በ2017 ብሪዝበን ላይ ያንኑ ተጋጣሚ 23 ለ 16 ሲረቱ ደግሞ ከአምበሎቹ አንዷ ነበረች። የዓለም ሻምፒዮኗ አምበል ግን የዘወትር ሥራዋ ሌላ ነበር፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበረች። ወንድሞቿ ልምምድ ሥራቸው ነበር፤ እሷ ልምምድ የምትሄደው ከሥራ በተረፋት ሰዓት ነው።

የሴቶቹ ብሔራዊ ሊግ የተጀመረው በ2018 በአራት ክለቦች ነው። ሩዋን ያኔ 36ኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። በዚያ ዓመት እያንዳንዱ ቡድን ከፍጻሜው በፊት የተጫወተው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሴቶቹን ያካተተ የመጀመሪያው የጋራ የሥራ ስምምነት የመጣው በ2023 ነው። ዝቅተኛው የተጫዋች የዓመት ክፍያ 30 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ሆነ፤ የጤና ኢንሹራንስና የእርግዝና ጊዜ ጥበቃም ተጨመረ። አንድ ክለብ ለሴት ተጫዋቾቹ በሙሉ እንዲያወጣ የተፈቀደለት 900 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ ለወንዶቹ ከ12 ሚሊዮን በላይ ነበር። ለውጥ አለ፤ እኩልነት ግን ገና ነው።

ይህን ሁሉ ለእናቴም ለእህቴም ነገርኳቸው። ለእናቴ ያልኳት፣ «ሴት ልጅ ትውደቅ ወይ?» የሚለውን ትተን «ስትወድቅ ማን ያነሳታል?» ብለን እንጠይቅ ነው። ለእህቴ ደግሞ ትምህርት ቤቱን የምትጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች ሰጠኋት። አሠልጣኙ አወዳደቅንና አያያዝን በትክክል ያስተምራል ወይ? ልጅ ጭንቅላቷን ስትመታ ከሜዳ የሚያስወጣትና ሐኪም ሳያይ የማይመልሳት ማን ነው? ትልቆቹ ተጫዋቾች እንኳ እንዲህ ያለ ጉዳት ከታወቀባቸው ቢያንስ 11 ቀን ያርፋሉ። አጥንት ቢሰበር ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው?

አራተኛው ጥያቄ ለልጅቷ ለራሷ ነው፤ ከኳሷ ሌላ በእጅሽ ምን ይኖራል? ይህን የምለው ሕልሟን ለማሳነስ አይደለም። ሩዋን ዋንጫ ስታነሳ ቤቷን ያቆመላት የእሳት አደጋ ሥራዋ ነበር። ከሜዳ ስትወጣም በቴሌቪዥን የጨዋታ ተንታኝ ሆናለች። ወንዱ ልጅ «ተጫዋች እሆናለሁ» ሲለን ትምህርትህስ እንለዋለን። ለሴቷም የሚገባት ያው ጥያቄ ነው፤ ከዚያ የከበደ መሆን የለበትም።

አያቶች ልጅ ሲወድቅ መደንገጣችሁ ከፍቅር ነው፤ ማንም ሊነቅፋችሁ አይችልም። ግን ወንዱ የልጅ ልጃችሁ ኳስ ሜዳ ወድቆ ጉልበቱ ተልጦ ሲመጣ «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ!» ብላችሁ ቁስሉን አጥባችሁለታል። ለእህቱም ውኃው ይሙቅላት። ሊጉ ዛሬ 12 ክለቦች አሉት። ብሪዝበን ብሮንኮስን ከ2018 ጀምሮ ሦስት ዓመት በተከታታይ ለዋንጫ ያበቃችው አምበል አሊ ብሪጊንሾ፣ በ2025 በ35 ዓመቷ እንደገና ዋንጫ አንስታለች። የእሷም አባት በዘመኑ የራግቢ ሊግ ተጫዋች ነበር።