የመጫወቻ ስፍራና መንገዱ

በአሜሪካ አገር፥ በፍሎሪዳ፥ በኦርላንዶ ከተማ አቅራቢያ ማጂክ ኪንግደም የሚባል የታወቀ የመጫወቻ ስፍራ አለ። የተከፈተው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ. ም. ነው፤ አሳቡን የጠነሰሰው ዋልት ዲስኒ ግን በ1966 ዓ. ም. ስለ ሞተ ፍጻሜውን አላየም። በመኪና የመጣ ሰው በቀጥታ ከበሩ አይደርስም። በሰው እጅ የተሠራ ሐይቅ በፊቱ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል፤ ይህንንም በማሻገሪያ መርከብ ይሻገራል፥ ወይም በአንድ ሐዲድ በሚሄድ ባቡር ይዞረዋል።

እኛም በዚያው አገር ሠርተን የምናድር ነንና ለዚህች አንዲት ቀን ብዙ ወራት ቆጥበን ልጆቻችንን ይዘን ሄድን። መኪና ስለሌለን ሁለት አውቶቡስ መለዋወጥ ግድ ሆነብን፤ ሁለተኛው ስላመለጠን ከሐይቁ ዳር የደረስነው እኩለ ቀን ሲሆን ነው። ታናሺቱ ልጃችን ደክማ ታለቅስ ነበር። መርከቢቱ በተንቀሳቀሰች ጊዜ ግን ዝም አለች፤ የግንቡን ጫፍ ከውሃው ማዶ ባየች ጊዜም እጇን ዘርግታ ሳቀች።

መርከቢቱን ከንቱ ጌጥ ናት የሚሉ አሉ። እኛ ግን የመንገድን ድካም ከጨዋታ ደስታ የምትለይ ደጃፍ ሆና አገኘናት። ነገር ግን መርከብ የሚጠቅመው ከዳር ለደረሰ ሰው ነው። ስለዚህ ለሕፃናት የደስታ ስፍራ የሚሠሩ ሁሉ መኪና የሌለው ወላጅ ከቤቱ ደጃፍ እንዴት እንደሚነሣ አስቀድመው ቢያስቡ መልካም ነው። የጠፋብንን ግማሽ ቀን ማንም አይመልስልንምና።