ሐሙስ ኮንሶ፣ ቅዳሜ ጂንካ

ከሐዋሳ ተነስቶ ጂንካ ለመድረስ ምን ያስፈልጋል? መኪና ነው የሚል አለ፤ ገንዘብ ነው የሚልም አይጠፋም። እኛ ስድስት ተማሪዎች ለሴሚስተር ዕረፍት ጉዞ አስበን ነገሩን ሳምንት ሙሉ ስናወጣና ስናወርድ ከርመን የደረስንበት ግን ሌላ ነው። ከሁሉ በፊት የገበያ ቀን ማወቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎም ማን ቤት እንደሚታደር።

ስድስታችን ከስድስት አቅጣጫ የመጣን ነን፤ አንዱ ከጎጃም፣ አንዷ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከይርጋለም፣ አንዱ ከሶዶ፣ አንዱ ከኮንሶ፣ አንዷ ከጂንካ። ምደባ የሚሉት ነገር ሐዋሳ ላይ ባያገናኘን ኖሮ መንገድ ላይ ተያይተን የምንተላለፍ ነበርን። መቼም የአንድ ዶርም ልጅ የአገሩን ወሬ ሲያወራ ያልሰማ ተማሪ የለም። ሰምቶ ዝም ማለት ደግሞ ይከብዳል፤ እግር ይነሳል።

መጀመሪያ ካርታ ዘረጋን። ካርታው ራሱ ትምህርት ነው። ከ2012 ዓ.ም. በፊት ሐዋሳና ጂንካ በአንድ ክልል ውስጥ ነበሩ፤ የክልሉም መዲና እዚሁ ሐዋሳ ነበረች። በዚያ ዓመት ሲዳማ ክልል ሆነ፤ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ተከተለ፤ በ2015 መጨረሻ ደግሞ የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ስለዚህ በሻሸመኔ ዞሮ ለሚሄድ መንገደኛ ሐዋሳ ሲዳማ ነው፣ ሻሸመኔ ኦሮሚያ፣ ሃላባ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ ከሶዶ እስከ ጂንካ ደቡብ ኢትዮጵያ። አራት ክልል በአንድ ጉዞ! ቋንቋውም እንደዚያው ነው። ሲዳምኛና ኮንሶኛ ከኩሽ ወገን ናቸው፤ ወላይትኛ፣ ጋሞኛና አሪኛ ከኦሞ፤ ወደ ጂንካ ገበያ የሚወጣው ሙርሲ የሚናገረው ከናይሎ ሳሃራ፤ እኛ ሻይ ይዘን የምንከራከርበት አማርኛ ደግሞ ከሴም። ያገራችን አራት የቋንቋ ቤተሰቦች በሙሉ በዚች መንገድ ላይ ይገኛሉ።

የአዲስ አበባዋ ልጅ ዕቅድ ይዛ መጣች። ስድስት ቀን፣ ዘጠኝ ቦታ! ዶርዜ፣ ጫሞ፣ ነጭ ሳር፣ ኮንሶ፣ ቀይ አፈር፣ ቱርሚ፣ ዲመካ፣ ማጎ፣ ጂንካ። በየቦታው ስንት ሰዓት እንደምንቆይ ሳይቀር ጽፋዋለች። የጂንካዋ ልጅ ወረቀቱን ተቀብላ ረጋ ብላ አነበበችና፣

«እናቴን ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትጎበኟት?» አለች።

ለጊዜው ሁላችንም ዝም አልን። የአዲስ አበባዋ ግን በቀላሉ የምትረታ አይደለችም። «እንዴ! ፈረንጁ ከባሕር ማዶ መጥቶ በአሥር ቀን ሲያየው እኛ የአገሩ ልጆች እዚሁ ተቀምጠን በፎቶግራፍ እንየው? ተመርቀን ከተበተንን በኋላ ማን ሁለተኛ ይወስደናል?» አለች። ይህም እውነት ነው። የጂንካዋ ደግሞ፣ «እዩ እንጂ፤ ማን ከለከለ? ግን ወዳገሬ የሚመጣው ሁሉ ለአንድ ፎቶ ይህን ያህል ከፍሎ፣ አንስቶ፣ ወደ መኪናው ይመለሳል። የሰውየውን ስም እንኳ አይጠይቅም። እናንተም እንዲሁ የምታደርጉ ከሆነ እኔ አልመራችሁም» አለች። የሁለቱ ክርክር የሁላችንም ሆነ፤ ሁለት ማታ ወሰደ።

በሁለተኛው ማታ የጎጃሙ ልጅ የጌቫራን ጉዞ አነሳ። እ.ኤ.አ. በ1952 የሕክምና ተማሪው ኤርኔስቶ ጌቫራና ጓደኛው አልቤርቶ ግራናዶ ከአርጀንቲና ተነስተው ደቡብ አሜሪካን በሞተር ብስክሌት ሲያቋርጡ፣ ሞተሩ ቺሊ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። ከዚያ ወዲያ በጭነት መኪና እየለመኑ፣ ከሠራተኛው ጋር እየተሳፈሩ፣ ፔሩ ውስጥ በሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር እየሰነበቱ ሄዱ። «ሰው የተዋወቁት ሞተሩ ከሞተ በኋላ ነው» አለ የጎጃሙ። «ለእነሱማ ስፓኝኛው ከቺሊ እስከ ቬኔዙዌላ አድርሷቸዋል» ሲል የሶዶው መለሰለት። እኛንም አማርኛ ጂንካ ያደርሰናል፤ ገበያም ያስገዛናል። ከገበያ አልፎ ቤት የሚያስገባው ግን የባለቤቱ ቋንቋ ነው።

ስለዚህ ሰላምታ መማር ጀመርን። የይርጋለሙ «ኬሬሆ?» በሉ አለን። የሶዶው «ሳሮ»፤ ይህ ጋሞም ዘንድ ያገለግላል። የኮንሶው «ነጋይታ»። ፍቺውን ስንጠይቅ ሦስቱም አንድ ሆነው ተገኙ፤ ሰላም ማለት ነው። የጎጃሙ፣ «ታዲያ ይኸው የኛው ሰላምታ አይደል እንዴ!» ብሎ ሳቀ።

የኮንሶው ግን አልሳቀም። «የሚጠየቀው ስለማይገኝ ነው» አለ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። በ2013 ዓ.ም. በኮንሶ አካባቢም ቤት ተቃጥሏል፣ ብዙ ሰው ተሰዷል። ይህን ካርታ አያሳይም። ኮንሶን በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ያስመዘገበው የድንጋይ እርከን ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበለ የካበው ነው፤ ድንጋይ ሲወድቅ መልሶ የሚክበው ሰው ከሌለ እርከኑም አይኖርም። ስለዚህ በዕቅዳችን ላይ አንድ ነገር ተጨመረ፤ ከመነሳታችን በፊት ወደየቤቱ ይደወላል፣ መንገዱ ሰላም መሆኑም ይጠየቃል። ካልሆነ አንሄድም።

የቀረው የቀን ሒሳብ ነበር። ሐሙስ በኮንሶ ካራት ገበያ ይውላል፤ በቀይ አፈርም እንዲሁ። ቅዳሜ በጂንካ ገበያ ነው፤ በዲመካም እንዲሁ። ሰው ሁለት ቦታ አይውልም። ማንን እናውቃለን? ብለን ጠየቅንና ኮንሶና ጂንካን መረጥን። ረቡዕ ማለዳ ከሐዋሳ ተነስተን አርባ ምንጭ እናድራለን። ሐሙስ ካራት ገበያ ውለን ከኮንሶው ቤተሰብ ዘንድ ጨቃ እየጠጣን፣ ሺፈራው እየበላን እናመሻለን። ዓርብ ወደ ጂንካ፤ ቅዳሜ ከልጅቷ እናት ጋር ገበያ እንወጣለን፣ ዕቃቸውንም እንሸከማለን። እሑድ ሶዶ አድረን ሰኞ ሐዋሳ እንገባለን። ከዘጠኙ ቦታ አምስቱ ተሰርዟል፤ ዶርዜና ጫሞም የሚታዩት ከመኪና መስኮት ነው። የአዲስ አበባዋ ቱርሚን ስትሰርዝ እስክሪብቶዋን ጫን አድርጋ ነበር። «ይሄ ዕዳ ነው፤ አንድ ቀን ትከፍሉኛላችሁ» አለች። እንከፍላለን።

የስድስት ሰው የቅጥቅጥ መሳፈሪያ ገና አልሞላም፤ ሁለታችን ካፌ ትተን ዳቦና ሻይ ይዘናል። አሪኛ የምታውቁ ልጆች ግን በግቢው ውስጥ እንዳላችሁ እናውቃለን። የጂንካዋ ልጅ ለእናቷ የምንለውን እንድታስተምረን ብንጠይቃት «ከሌላ ሰው ተማሩት፤ እኔም ስትሉ ልስማ» ብላ እምቢ ብላናለች። እስከ ረቡዕ ጊዜ አለን። እባካችሁ አስተምሩን።