ሳጥኗ የጠጣችው ውሃ

ቶንጎ፣ ሐምሌ 14 ቀን

ይድረስ ለምወድዎ ወንድም ጋሼ፤

አገሩ አረንጓዴ ነው። ዝናቡ ግን ገና እስከ መስከረም ማለቂያ አይለቀንም።

ስልኬን እንድትሞላና ፓውዛ እንድታበራ ሞተሬ ላይ የሠሩልኝ ሳጥን ባምባሲን እንዳለፍኩ ሥራ አቆመች። ቀርከሃው ሥር ተጠልዬ ዝናቡን ሳሳልፍ ስልኬ መሙላት ተወ፤ ፓውዛውም ጠፋ። ቶንጎ ገበያው ዳር ባጃጅ የሚጠግን ልጅ አገኘሁ፤ ደንበኞቹን በአማርኛም በኦሮምኛም በአረብኛም ያስተናግዳል። ሲከፍታት አንድ ማንኪያ የሚሞላ ውሃ ወጣ። ክዳኗን ዙሪያውን በሲሊኮን አሽገን፣ ገመዱን በናስትሮ ጠቅልለን፣ በየት ገባ?

ልጁ እንዲህ አስረዳኝ። ፀሐዩና የሞተሩ ሙቀት በሳጥኗ ውስጥ ያለውን አየር ያሰፋዋል፤ አየሩም በገመዱ ሽቦና ልባሱ መካከል ሾልኮ ይወጣል። ዝናብ ድንገት ሲመታት ትቀዘቅዝና እርጥብ አየር መልሳ ትስባለች። እርጥበቱም ውስጥ ገብቶ ጤዛ ይሆናል፣ መውጫም የለውም። እንዲህ በየቀኑ ትጠጣለች። ስለዚህ ሚስማር አግሎ ከታች የክብሪት እንጨት የምታህል ቀዳዳ በሳት። ገመዱም ከላይ መግባቱ ቀርቶ ከሥር እንዲገባ፣ ከመግባቱ በፊትም ዝቅ ብሎ እንዲታጠፍ አደረገው፤ ጠብታው እጥፋቱ ላይ ይረግፋል።

ቀጥሎ ክዳኑን አፍንጫዬ ሥር አስጠጋና «አሽቺው እህቴ» አለኝ። ሲሊኮኑ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ያ አሲድ መዳቡን ይበላዋል። የፖዘቲቩ ጫፍ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል፣ የኔጋቲቩ ደህና ነው። እርጥበት ባለበት ቀድሞ የሚበላው ፖዘቲቩ ነው፤ እኛ ደግሞ ኤሌክትሪኩን ከባትሪው በቀጥታ ስለሰጠናት ሞተሩ ቆሞ እያደረም ዝገቱ ይበላት ነበር። አሁን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው የምታገኘው፤ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ሆኗል።

ሰርኪዩቱን በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ፈግፍጎ፣ ቡና ከሚፈላበት ከሰል ራቅ አድርጎ አደረቀው። ከዚያ የብየዳውን ነጥቦች ጥፍር ቀለም ቀባቸው። እኔ እዚህ ማር ስለሚበዛ ሰም እናፍስስበት ብዬው ነበር፤ «ሞተሩ አጠገብ ይቀልጣል» ብሎ ተወው፤ እውነቱን ነው። መሰኪያዎቹን ግራሶ ሞላቸውና ከአሮጌ ከመነዳሪ በቆረጠው ጎማ አሰራቸው።

አራት ቀን በዝናብ ነዳኋት። ትናንት ማታ ከፈትኳት፤ ደረቅ ናት።

ጋሼ፣ ኮምጣጤ የማይሸተውን ሲሊኮን ካገኙ በሚመጣ ሰው ይላኩልኝ። ደግሞ ለሌሎች የሠሯቸውን ሳጥኖችም ሳይውሉ ሳያድሩ ይክፈቷቸው። የመምህሩን ሞተር ያስቀድሙልኝ፤ እሳቸው ገደሉን የሚወርዱት ማታ ማታ ነው።

እህትዎ