ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?

ሰው በገዛ እጁ ያበጀውን ቤት፥ ጣራው ቢያፈስና ምሰሶው ቢያዘም እንኳ፥ በቀላሉ ትቶት አይወጣም። ዛሬ ይታደሳል፥ ነገ ይጠገናል እያለ ክረምቱን ከነማፍሰሱ ያሳልፋል። የቤቱ ጌታ ሌላ ሰው ሲሆንና ያም ጌታ ደጁን ረግጦ የማያውቅ ሲሆን ግን፥ ትዕግሥት ወደ ሞኝነት ይጠጋል። እኔም ባለፈው ክረምት በዚህ ዓይነት ጭንቀት ውስጥ ወድቄ ስለ ነበር፥ ያሰብሁትንና ያደረግሁትን ለአንባብያን ላቀርብ ወደድሁ።

ከሰባት ዓመት በፊት፥ በውጭ አገር በሚገኝ በአንድ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ለጽሑፍ የሚሆን ቦታ በነፃ አገኘሁ። እንዲህ ያለውን የግል መጻፊያ የዘመኑ ሰዎች ጦማር ይሉታል። ማታ ማታ ከመሥሪያ ቤት ስመለስ፥ ወረታ ውስጥ በተከራየኋት ክፍል ሆኜ፥ ስለ ፎገራ ሜዳ የሰማሁትንና ያየሁትን እጽፍ ነበር። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ወደ ጣና ሲወርዱ ሜዳውን እንዴት እንደሚያለብሱት፤ የፎገራ ላም በወተቷ ስለ ምን እንደምትመሰገን፤ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት የተሞከረው ሩዝ ውኃ የሚተኛበትን መሬት እንዴት የእህል ማሳ እንዳደረገው፥ ወረታም በኋላ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ እንደ ሆነች፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ቤተ ሰቦችን ከቀያቸው እንዴት እንዳፈናቀለ፤ ይህን ሁሉ ከሽማግሎች አፍ እየሰማሁ መዘገብሁ። መቶ አርባ ያህል ጽሑፍ ተጠራቀመ። አንባቢዎቼ ብዙ አልነበሩም፤ ነገር ግን መምህራንና ተማሪዎች፥ ደግሞም ከአገር የራቁ የሜዳው ልጆች ነበሩባቸውና ደስታዬ ትልቅ ነበር።

ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን ያ ቤት ጠባቂ አጣ። በመጀመሪያ ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ቀጥሎም አንዳንድ ፊደሎቻችን ባዶ አራት ማዕዘን እየሆኑ ይታዩ ጀመር። ጎርፍ ስለ ወሰዳቸው ሰዎች ከጻፍሁት በታች የቁማር ማስታወቂያ ተለጥፎ ባየሁ ጊዜ እጅግ አፈርሁ። አራት ጊዜ አቤት ብዬ ጻፍሁ፤ አራት ጊዜም «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል፥ ሰው ያልጻፈው መልስ መጣልኝ። ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ።

እንግዲህ ልልቀቅ ወይስ ልቆይ? ለመቆየት ምክንያት አላጣሁም። አንባቢዎቼ የሚያውቁት ያንን ደጅ ነው። ቦታ ባልነበረኝ ጊዜ ቦታ የሰጠኝም እርሱ ነው፤ ውለታ ደግሞ አይረሳም። ከዚህም ሁሉ በላይ ልማድ የሚባለው ብርቱ ገመድ አለ።

ነገር ግን በሌሎች የደረሰውን ስመረምር ልቤ ፈራ። ጂኦሲቲስ የተባለው ሰፊ የገጾች ሠፈር፥ በባለቤቱ በያሁ ትእዛዝ፥ ከጃፓን ክፍሉ በቀር በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ሲዘጋ፥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገጾች ከቦታቸው ተነሡ። ማይስፔስ የአሥራ ሁለት ዓመት ዘፈንና ሥዕል ዕቃ ሲያዛውር እንደ ጠፋበት በ2011 ዓ.ም. አመነ። በዚያው ዓመት መጋቢት 24 ቀን ጉግል ፕላስ ተዘጋ። ከሃያ ዓመት በላይ ጸሐፊዎችን ያስተናገደው ታይፕፓድም በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ስንብቱን ተናግሮ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. በሩን ቈለፈ። ይህን ያደረጉት በክፋት ነው ለማለት አልደፍርም። የገቢና የወጪ መዝገብ ሲያዩ፥ በዚያ መዝገብ የእኛ ትዝታ ዋጋ አልተጻፈለትም።

የቸልታ ጉዳት ደግሞ በጽሑፍ መጥፋት ብቻ የሚቆም አይደለም። ከእኛ ብዙ በማትርቀው በባሕር ዳር፥ የዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ተገደሉ። ልጃቸው፥ ከግድያው በፊት አባቱን ለጥቃት ያጋለጡ ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ወጥተው እንደ ነበርና አቤቱታው በጊዜው እንዳልተሰማ በመግለጽ፥ ከሌሎች ከሳሾች ጋራ ሆኖ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኩባንያውን ሜታን ከሰሰ። ከክሱ ነጥቦች አንዱ፥ ቋንቋዎቻችንን የሚያውቁ ጠባቂዎች በበቂ አልተመደቡም የሚል ነው። ኩባንያው ክሱን ተቃውሟል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ወስኗል። የእኔ ጉዳት ከዚህ ሐዘን ጋራ ፈጽሞ የሚወዳደር አይደለም። ሆኖም አቤት የሚለውን የማይሰማ ቤት ምን ያህል እንደሚያስፈራ የተረዳሁት ይህን ሳነብ ነው።

ሐሳቤ እንዲህ ተከፍሎ ሳለ፥ በሜዳው ዳር የሚኖሩትን አጎቴን ልጠይቅ ሄድሁ። ነገሩን በሚገባቸው ዓይነት አጫወትኋቸውና፥

«አጎቴ፥ እርስዎስ ውኃው በየዓመቱ እየመጣ ሲያስቸግርዎ ይህን ሜዳ ለምን አይለቁም?» አልኋቸው።

«ልጄ፥» አሉኝ፤ «ርብ ቢያስቸግረኝም ደለሉን ትቶልኝ ይሄዳል። በዚያ ደለል ነው የምበላው። ያንተው ጌታ ምን ይተውልሃል?»

መልስ አጣሁ።

«ለመልቀቁም አትቸኩል» ሲሉ ቀጠሉ። «ሰማዩ ሲጠቁር እኔ ቤቱን ተሸክሜ አልሮጥም። ዘሩን ግን አስቀድሜ ወደ ደጋው አወጣለሁ። ዘሩ ካለ ቤት ይሠራል። ያንተ ዘር የት አለ?»

ዘሬ በሰው ጎተራ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ለሌላው ስነግር የኖርሁ ሰው፥ ከመቶ አርባው ጽሑፍ በእጄ ያለው ከሠላሳ አይበልጥም ነበር።

በዚያው ሳምንት ጀምሬ ሃያ ሌሊት ቈጥሬ ገለበጥሁ። ጽሑፉ ሁሉ ተገኘ፤ አሥራ አንድ ሥዕል ግን ጠፋ። ከእነዚህም አንዱ የማሳዎቹን የጥንት ስም ያስጻፉኝ ሽማግሌ፥ በሬያቸውን ይዘው በርብ ዳር የቆሙበት ነበር። ሽማግሌው ከሦስት ዓመት በፊት ዐርፈዋል፤ ሌላ ሥዕል እንደሌላቸው ልጃቸው ነግራኛለች። ያንን ምስል ስጠብቅ በነበርሁት ትዕግሥት አጣሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ውሳኔው አልከበደኝም። የተገለበጠውን በወረቀት አሳትሜ አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሰጠሁ፤ ሁለተኛውን ለሽማግሌው ልጅ አደረስሁ። በጥቂት ብር ኪራይ ሌላ ቦታ ያዝሁ። የቀድሞውን ቤት ግን አላፈረስሁትም፤ የሚመጣ እንግዳ እንዳይደናገር የሄድሁበትን ጽፌ በደጁ ላይ ተውሁለት። ያለ ስድብም ተሰናበትሁ፤ ቦታ ሰጥቶኝ ነበርና።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ግን ጽሑፌ ሐሰተኛ ይሆናል። በስንብቱ ማግስት ቢሮዬ ገብቼ መሳቢያዬን ስከፍት፥ አንድ ገበሬ ስለ ማሳው ወሰን ያቀረበው ማመልከቻ ከሌሎች ወረቀቶች ሥር ተኝቶ አገኘሁት። ሦስት ጊዜ መጥቶ ጠይቆኛል፤ ሦስት ጊዜም «ደርሶናል፥ ይታያል» ብዬ መልሼዋለሁ። እኔ የከፋኝን ቤት መልቀቅ ቻልሁ፤ እርሱ ግን የእኔን ደጅ ትቶ የሚሄድበት ሌላ ደጅ የለውም። ማመልከቻውን አውጥቼ በዚያው ቀን ለሚመለከተው ክፍል መራሁት፤ ለገበሬውም የደረሰበትን በስሙ ጽፌ ላክሁለት።