ሳይኮሎጂ ተምሬ ምን እሆናለሁ?

በተቋማችን «ሳይኮሎጂ ለመቀጠል አስባለሁ» ያለ ሰው የሚገጥመው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «እንግዲህ ልባችንን ልታነበው ነዋ!» ብሎ ይሥቃል። ሌላው «ታዲያ እንጀራው የት አለ?» ይላል። የመጀመሪያው ቀልድ ነው፤ ሁለተኛው ግን የእናቴም ጥያቄ ስለሆነ መልስ ይገባዋል።

የሐሳቤ መነሻ ታናሽ እህቴ ናት። ሦስተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ ወድቃ፣ «ደደብ» ተብላ ከትምህርት ቀረች። በገበያ ሒሳብ ግን ከቤተ ሰቡ የሚቀድማት የለም። ታዲያ ፊደል ለምን አስቸገራት? ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ የጠየቁ ሰዎች ግን ነበሩ። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 እ.ኤ.አ. ፈተናውን ያዘጋጀው ልዩ እርዳታ የሚያሻቸውን ሕፃናት ለመለየት እንጂ ታፔላ ለመለጠፍ አልነበረም። ስዊዛዊው ዣን ፒያዤም ስለ ቀንድ አውጣና መሰሎቹ አጥንቶ ዶክትሬቱን ከያዘ በኋላ ፓሪስ ውስጥ ሕፃናትን ሲፈትን፣ ቀልቡን የሳበው የልጆቹ ስሕተት ነው። ሌቭ ቪጎትስኪ ደግሞ በ1924 እ.ኤ.አ. ወደ ሞስኮ ከመሄዱ በፊት ጎሜል በተባለች ከተማ፣ እንደኛው ባለ የመምህራን ማሠልጠኛ ያስተምር ነበር።

ወደ እንጀራው ልመለስ። የመጀመሪያ ዲግሪ በር ይከፍታል እንጂ ብቻውን አካሚ አያደርግም። መድኃኒት የሚያዘው የአእምሮ ሐኪም አስቀድሞ ሕክምና የተማረ ነው። የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ባለሙያ የሚሠራው በምዘናና በንግግር ሲሆን፣ እንደ አገሩ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት፣ በዚያም ላይ በአዋቂ ሥር ልምምድ ይጠየቃል። በትምህርት ሳይኮሎጂ ወይም በካውንስሊንግ ማስተርስ የያዘ ግን በትምህርት ቤት አማካሪነት፣ በመምህራን ኮሌጅ፣ በፈተና ዝግጅትም ሊሠራ ይችላል።

በመሆኑም የእኔ ምርጫ ትምህርት ሳይኮሎጂ ነው። አስቀድሜ ግን ክፍል ገብቼ ላስተምር፤ የልጆችን ስሕተት በደብተር ልመዝግብ። ምን እንደሚጠና ሳያውቁ ለጥናት መቸኮል ምን ይረባል?

እህቴ ግን ማስተርሴን እስክይዝ አትጠብቀኝም። ስለዚህ በዚህ ክረምት ከሀ ሁ ጀምረን አብረን እንቀመጣለን። የሚያስቸግራት የትኛው እንደሆነ እሷው ታሳየኛለች።

እናንተስ? ለማስተማር ልምምድ ስትወጡ ከኋላ ወንበር ዝም ብሎ የሚቀመጠውን ልጅ እዩትና ያያችሁትን እዚሁ ግድግዳ ላይ ጻፉልን።