ስለ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና በውስጡ ስለ ነበረው የበረራ መዝገብ

ሰው የደከመበት ነገር ከእርሱ በኋላ እንዲቀርለት መመኘቱ የጥንት ጠባዩ ነው። ስለዚህም አባቶቻችን አንዱ ብራና ሲያረጅ በሌላ ብራና እየገለበጡ ዕውቀታቸውን እስከ እኛ አደረሱልን። በዚህ በእኛ ዘመን ግን የሰው ድካም የሚቀመጠው በኮምፒውተር ውስጥ ስለ ሆነ፤ ኮምፒውተርም ከብራና ይልቅ ፈጥኖ የሚያረጅ ስለ ሆነ፤ የመገልበጥ ሥራ ለቁም ጸሐፊዎች ብቻ የተተወ መሆኑ ቀርቶ በየቤቱ የሚያስፈልግ ሆኗል። እኔም በዚህ ነገር በቤቴ የደረሰብኝን፤ ስሕተቴንም ሳልሸሽግ፤ ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ለመጻፍ ደፈርሁ።

ታናሽ ወንድሜ በመንዝ ከእኔ ጋር በጎች እየጠበቀ ያደገ ነው። በልጅነቱ በመሐል ሜዳ ሰማይ ላይ የአይሮፕላን ድምፅ በሰማ ጊዜ በጎቹን ትቶ ወደ ላይ እያንጋጠጠ ይሮጥ ነበር። ዓይኑ ደካማ ስለ ነበረ አብራሪ ለመሆን አልተቻለውምና መምህር ሆነ። ነገር ግን ምኞቱ ስላልተወው ከደመወዙ አጠራቅሞ ኮምፒውተር ገዛና ፍላይት ሲሙሌተር የተባለውን የበረራ መለማመጃ ፕሮግራም ጫነበት። ይህን ፕሮግራም ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በመጀመሪያ ያወጣው በ1975 ዓ.ም. ሲሆን፤ የወንድሜ ግን በ1999 ዓ.ም. የወጣውና «ኤክስ» የሚባለው ነበር። ነገሩ ጨዋታ ይመስላል፤ ሆኖም የኢትዮጵያ አየር መንገድም አብራሪዎቹን በአዲስ አበባ የሚያለማምደው ከዚህ እጅግ በሚበልጥ ሲሙሌተር ነውና የሚናቅ አይደለም።

ልጄም ዐሥራ ሁለት ዓመት በሆነው ጊዜ ወንድሜ በዕረፍት ቀን ከጎኑ እያስቀመጠ ያስተምረው ጀመር። የሚያበሩት ሴስና 172 የተባለችውን ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አይሮፕላን ነበር። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ የመንዝ ደጋ 3,000 ሜትር ይደርሳል፤ የአቡዬ ሜዳ ራስ ደግሞ ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል። ከፍታው በጨመረ መጠን አየሩ ስለሚሳሳ የሞተሩ ኃይል ይደክማል፤ አብራሪውም የቤንዚኑን መጠን ከሳሳው አየር ጋር እንዲመጣጠን መቀነስ አለበት። ወንድሜ ይህን ሲያስረዳው፤ «የሀገርህን ከፍታ በእግርህ ታውቀዋለህ፤ አሁን ደግሞ በሞተር ዕወቀው» ይለው ነበር። በፕሮግራሙ ውስጥ ለመሐል ሜዳ የአይሮፕላን ማረፊያ አልተሠራለትምና፤ ሁለት ዓመት ያህል ማታ ማታ እየተቀመጠ አንድ ማረፊያ በገዛ እጁ ሠራለት።

ወንድሜ በ2014 ዓ.ም. ታሞ ዐረፈ። ሚስትና ልጅ አልነበረውምና ኮምፒውተሩ ወደ እኔ ቤት መጣ። የበረራ መዝገቡን በከፈትነው ጊዜ ከ600 ሰዓት የሚበልጥ በረራ፤ ቀኑ፥ የተነሣበትና ያረፈበት ሥፍራ በየመስመሩ ተጽፎ አገኘን። የመጨረሻው በረራ ግን አላለቀም። ከቦሌ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል አልፎ በጓሳ ላይ ሳለ አቁሞት፤ ሌላ ቀን እንዲቀጥለው አስቀምጦት ነበር።

ኮምፒውተሩ አርጅቶ ነበር። የሚሠራበትም ዊንዶውስ 7 ማይክሮሶፍት በጥር 2012 ዓ.ም. መጠገኑን የተወው ነው። የሃርድ ዲስኩ ድምፅ እንደ ወፍጮ ማጕረምረም በጀመረ ጊዜ ለልጄ አዲስ ኮምፒውተር ገዛሁለትና ዕቃውን ሁሉ ወደዚያ ለማዛወር ተነሣሁ። ልጄም፤ «አባባ፥ ቀስ ብለን እንየው» ቢለኝ፤ እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ያሳለፍሁ ሰው መዝገብ ማዛወር ምን ይቸግረኛል ብዬ የፕሮግራሙን ፎልደር ብቻ በፍላሽ ገልብጬ፤ አሮጌውን ኮምፒውተር ዲስኩ ተጠርጎ እንዲሸጥ ለአንድ ጠጋኝ ሰጠሁት።

ማታ በአዲሱ ላይ ብንሞክረው ፕሮግራሙ አልከፈት አለ። ፕሮግራም ሲጫን በኮምፒውተሩ ውስጣዊ መዝገብ ስሙን የሚያስመዘግብ ስለ ሆነ፤ እንደ ዕቃ አንሥቶ ቢያኖሩት አይሠራም። ከሁለቱ ዲቪዲዎች እንደ ገና ጫንነው፤ የፈቃድ ቍጥሩም ከሳጥኑ ጋር ተቀምጦ ስለ ነበር ተከፈተ። ወንድሜ የሠራው ማረፊያ በገለበጥሁት ፎልደር ውስጥ ነበርና እርሱን በሥፍራው ብናኖረው የመሐል ሜዳ መንደርደሪያ ታየ፤ ደስም አለን። የበረራ መዝገቡን ብንገልጥ ግን አንድ መስመር እንኳ አልነበረበትም። በጓሳ ላይ የቆመውም በረራ የለም። ልጄ አንድ ቃል ሳይናገር ወጥቶ ደጅ ተቀመጠ። እኔም ወንድሜን ሁለተኛ የቀበርሁት ያህል ተሰማኝ፤ እንቅልፍም በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ ጠጋኙ ሄድሁ። ትናንት መብራት ጠፍቶ ስለ ዋለ ሥራውን አልጀመረም ነበር። ስለ መብራት መጥፋት ዘወትር የማማርር ሰው ያን ቀን እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ከተመለስሁ በኋላ ከልጄ ጋር በትዕግሥት ብንመረምር ነገሩ ተገለጠልን። ዕቃው የተቀመጠው በሦስት ልዩ ልዩ ሥፍራ ነው። ማረፊያውና በኋላ የተጨመሩት አይሮፕላኖች በፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ፤ የበረራ መዝገቡና የተቀመጡት በረራዎች የባለቤቱ ሰነዶች በሚገኙበት ፎልደር ውስጥ፤ የመሣሪያዎቹ አሠራር የተወሰነበት ፋይል ደግሞ ከዓይን በተሰወረ ሦስተኛ ፎልደር ውስጥ ነው። አንዱ በረራ እንኳ ሁለት ፋይል አለው፤ አንዱ አይሮፕላኑ ያለበትን ሥፍራ፤ ሁለተኛው የዚያን ሰዓት ነፋስና ደመና ይይዛል።

በዚህ ጊዜ ዘወትር የምሠራውን ሥራ በገዛ ቤቴ እንደ ረሳሁት አስተዋልሁ። በፍርድ ቤት አንድ ግልባጭ ከዋናው ጋር ተመሳክሮ ማኅተም ካላረፈበት ወረቀት ነው እንጂ ማስረጃ አይባልም። በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁም አንዱ ከዋናው ብራና ሲያነብ ሌላው በአዲሱ ላይ በጣቱ እየተከተለ የተዘለለውን ሲያቀኑ አይቻለሁ። በ1966 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራም ምስክር ነው። ከሸዋ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት ጭምር የተነሡት መጻሕፍት ቅጂያቸው በአሜሪካ በሚኒሶታ ሲቀመጥ፤ የሸንኮራው ተወላጅ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ ብዙ ዘመን እየመረመሩ ዝርዝራቸውን ጻፉ። ፊልሙም ከዚያ ወዲያ ወደ ኮምፒውተር ተገለበጠ። የቀደመው ቅጂ ተጠብቆ ባይቆይ ኖሮ ለኋለኛው የሚገለበጥ ነገር ባልተገኘም ነበር።

እንግዲህ ልጄ በአሮጌው ላይ የፋይሉን ስምና መጠን ሲያነብልኝ፤ እኔ በአዲሱ ላይ እየተከተልሁ አመሳከርን። ሁለት ማታ ፈጀብን። በሦስተኛው ማታ በጓሳ ላይ የቆመውን በረራ ከፈትነው። አጎቱ በተወው ከፍታ፤ አጎቱ በተወው ደመና ውስጥ አይሮፕላኗ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ልጄ መሪውን ያዘ፤ ቤንዚኑን እንደ ተማረው አመጣጠነ፤ ወደ ምዕራብም ዞሮ ወንድሜ በሠራው ማረፊያ ላይ፤ ጥቂት ቢያነጥራትም፤ አሳረፋት። የበረራ መዝገቡን ብንገልጥ ከወንድሜ መጨረሻ መስመር በታች የልጄ መጀመሪያ መስመር ተጽፎ ነበር።

ስለዚህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ በየቤታችሁ ያረጀ ኮምፒውተር ቢኖር ፕሮግራሙ ዳግመኛ ሊገዛ እንደሚቻል፤ የሰው እጅ የጨመረበት ግን እንደማይገዛ አስቡ። አስቀድማችሁ ዕቃው በየት በየት እንዳለ ጻፉ፤ ቀጥሎ ገልብጡ፤ ከዚያም አመሳክሩ፤ በአዲሱም ላይ ከፍታችሁ ሞክሩ። ይህ ሁሉ ሳይፈጸም አሮጌውን ከቤት አታውጡ። የወንድሜ ኮምፒውተር እስከ ዛሬ በመደርደሪያዬ ላይ በባና ተሸፍኖ ተቀምጧል።