የተውሶ ሐዘን

«ኖት ኦኬይ» የሚባለው ፊልም ገና ሳይጀምር ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አለበት ይላል። የአእምሮ ጠባሳ የሚቀሰቅስ ታሪክ አለበት ይላል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ደግሞ «የማትወደድ ሴት ዋና ገጸ ባሕርይ አለችበት» ይላል። ሳቅሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ሳቄ የለም፤ ያቺ የማትወደደዋ ሴት እኔኑ መሰለችኝ። እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ እናዘዛለሁ። መጨረሻውንም ስለማወራ፣ ልታዩት ያሰባችሁ እዚህ ላይ ብትለዩኝ አልቀየማችሁም።

ፊልሙን ጽፋ ያዘጋጀችው ኩዊን ሼፐርድ ናት፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ዳኒ ሳንደርስን ሆና የምትተውነው ዞዪ ዶይች ናት። ዳኒ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ መጽሔት ቤት ፎቶ አርታኢ ናት። ደመወዝ አላት፣ ቤት አላት፣ የሚሳሱላት እናትና አባት አሏት። የጎደላት ዞር ብሎ የሚያያት ሰው ብቻ ነው። ኮሊን የሚባል በኢንተርኔት ስም ያተረፈ የሥራ ባልደረባ አላት፤ ልቡን ለመሳብ ብላ «ፓሪስ ለጸሐፍት ሥልጠና ተመርጫለሁ» ትለዋለች። ከዚያ ከመኖሪያ ክፍሏ ሳትወጣ የፈረንሳይ ቆብ ደፍታ ፎቶ ትነሣና ከኋላዋ ፓሪስን በፎቶሾፕ ትለጥፋለች።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቷ የእኛው ነው። የሰው መኪና ተደግፎ ፎቶ ያልተነሣ፣ ሆቴል በር ላይ ቆሞ «እዚህ ነኝ» ያላለ፣ እሱ የመጀመሪያውን ድንጋይ ይወርውር።

አንድ ቀን ዳኒ የፓሪሱን የድል በር ከኋላዋ አድርጋ ትለጥፍና ትተኛለች። ስትነቃ ስልኳ በመልእክት ተጨናንቋል። እሷ ከለጠፈች ከደቂቃዎች በኋላ ፓሪስ ውስጥ ቦንብ ፈንድቷል። ወላጆቿ፣ የሥራ ባልደረቦቿ፣ ረስተዋት የነበሩ ሰዎች ሁሉ የሚጠይቋት አንድ ነገር ነው፦ «ደህና ነሽ?»

እዚህ ላይ ፊልሙን አቆምኩት። የዳኒን ሕይወት የቀየረው ቦንቡ አይደለም፤ ጥያቄው ነው። እኛ አገር ይህ ጥያቄ በነጻ ነው የሚታደለው። ደህና አደርክ፣ ሰላም ነው፣ ጤና ነው፣ ቤተሰብ ደህና? መልሱም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ወገቡን ይዞ የሚያቃስት ሰው እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። «ደህና አይደለሁም» ለማለት የቤቱ ምሰሶ መውደቅ አለበት። ዳኒን ግን ማንም እንዲህ ጠይቋት አያውቅም ነበር። ስለዚህ ጥያቄው በመጣ ጊዜ እውነቱን ተናግራ ልትመልሰው አቅም አጣች። አውሮፕላን ማረፊያ ሄዳ ከፓሪስ ከመጡት መንገደኞች ጋር ተቀላቅላ ወጣች፤ ወላጆቿም እያለቀሱ አቀፏት። የእኛ ሰው ለዚህ አንድ ቃል አለው፦ ካፈርኩ አይመልሰኝ።

ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ውሸታሞች ስናወራ «ለገንዘብ ነው»፣ «ለላይክ ነው» ብለን እንዘጋዋለን። እኔ ፊልሙን አይቼ የደረስኩበት ሌላ ነው። ላይክማ ቆንጆ ፎቶም ያመጣል። ቆንጆ ፎቶ የማያመጣው «አይዞሽ»ን ነው። አይዞሽ የሚሰጠው ለተጎዳ ብቻ ነው፤ ያልተጎዳ ሰው ከፈለገው መስረቅ አለበት።

ዳኒም የምትሰርቅበት ቤት አገኘች። ከጥቃትና ከአደጋ የተረፉ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ስብሰባ ትገባለች፤ የምትሄደው «ከፓሪስ ተረፍኩ» ብላ ለምትጽፈው ጽሑፍ የሚሆን ስሜት ልትለቅም ነው። እዚያ ሮዋንን ታገኛለች። ሮዋን ገና ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ተኩስ ተከፍቶ እህቷ ሞታባታለች። ሚያ አይዛክ የተባለችው ወጣት ተዋናይት ይህችን ልጅ ስትሠራት ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል። ዳኒ የሮዋንን አነጋገር፣ የሮዋንን ፍርሃት፣ የሮዋንን ቁጣ ትወስድና «ደህና አይደለሁም» የሚል ጽሑፍ ታወጣለች። ጽሑፉ ሃሽታግ ይሆናል፣ ሃሽታጉ ሰልፍ ይሆናል፣ ኮሊንም ዞር ብሎ ያያታል። ክፋቱ ሮዋን ከልቧ የምትወዳት መሆኗ ነው፤ እህት ያገኘች መስሏታል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ለጊዜው ግን ያደምቃል፤ ችግሩም እሱ ነው።

«ፊልም ነው፣ ማን እንዲህ ያደርጋል?» የሚል ካለ፣ ታኒያ ሄድ የምትባለውን ሴት ያስታውስ። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 ኒውዮርክ ላይ በደረሰው የሽብር ጥቃት ከደቡቡ መንትያ ሕንፃ 78ኛ ፎቅ ላይ ተርፌ ወጣሁ፣ እጮኛዬ በሰሜኑ ሕንፃ ሞተብኝ ትል ነበር። የተራፊዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደረሰች፤ ፍርስራሹ የነበረበትን ቦታ ለከንቲባና ለአገረ ገዢ ሳይቀር እየዞረች አስጎበኘች። እ.ኤ.አ. በ2007 ኒውዮርክ ታይምስ ሲያጣራ ታሪኩ አንድም ቦታ ላይ አልቆም አለ። እውነተኛ ስሟ አሊሲያ ኢስቴቬ ሄድ ነው፤ በዚያን ቀን የነበረችው ባርሴሎና ነበር። የሚገርመው ነገር ገንዘብ ፈልጋ አለመሆኑ ነው። የወሰደችው «አይዞሽ»ን ነው። ይህ ሁሉ ሲጀመር ደግሞ ፌስቡክ ራሱ አልተወለደም ነበር። ስልኩ በሽታውን አልፈጠረውም፤ መድረኩን በየኪሳችን ውስጥ አስገባው እንጂ።

ፊልሙ የመረጣት ፓሪስም በእውነት ቀምሳዋለች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ጥቃት 130 ሰው ከተገደለባት በኋላ፣ ያልነበሩበትን «ነበርን» ብለው ካሣ የጠየቁ ሰዎችን የፈረንሳይ ፍርድ ቤቶች እስር ቤት አስገብተዋል።

ይህን ሳስብ አልቃሽ ትዝ አለችኝ። አልቃሽ ሟችን ላታውቀው ትችላለች። ስሙን፣ ዘሩን፣ ሙያውን ጠይቃ ትነሣና ግጥሟን ስታወርደው ድንኳን ሙሉ ሰው ይንሰቀሰቃል። እሷም በሰው ሐዘን ነው የምትሠራው። ግን ማንንም አላታለለችም፤ ሁሉም ሰው ሙያዋን ያውቃል፣ «ባሌ ነው የሞተው» አትልም። የሐዘኑን ወንበር ለባለቤቱ ትታ ከጎኑ ትቆማለች። እንባው ወደ ባለቤቱ እንጂ ወደ እሷ አይሄድም። ዳኒ የወሰደችው ወንበሩን ነው።

እንግዲህ ወደ ራሴ ልምጣ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የተከበሩ አንጋፋ ሙዚቀኛ አረፉ። እኔ ከእሳቸው ጋር የተገናኘሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ የሰው ሠርግ ላይ፣ ለሁለት ደቂቃ ነው። የዚያ ቀን ፎቶ ነበረኝ። ዜናውን እንደሰማሁ መጀመሪያ ያደረግኩት «ነፍስ ይማር» ማለት አልነበረም፤ ፎቶውን ፍለጋ ስልኬን ማገላበጥ ነበር። አብረውን የቆሙትን ሰዎች ከፎቶው ላይ ቆረጥኩ። ከዚያ «አባቴም፣ መካሪዬም ነበሩ፤ ቃል የለኝም» ብዬ ለጠፍኩት። ቃል የለኝም ያልኩትን ሦስት ጊዜ አርሜ ነው የጻፍኩት።

ኮመንቱ ጎረፈ። «እግዚአብሔር ያጽናህ»፣ «ወንድሜ በርታ»፣ «ከአንተ ጋር ነን»። ለእያንዳንዱ «አሜን» እያልኩ ስመልስ አመሸሁ። እውነቱን ልናገር? ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። አክስቴ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በአንድ እጇ በፌስታል የተጠቀለለ እንጀራ፣ በሌላው የወጥ ሳህን ይዛ ቆማለች። የልጅ ልጇ ጽሑፉን አንብቦላት፣ ከኮተቤ በሁለት ታክሲ ተሳፍራ መጥታለች። «እንዲህ የቅርብህ ሰው መሆናቸውን ምነው ሳትነግረኝ ልጄ?» አለችና ተቀምጣ አለቀሰች። በሐሰት አይደለም፤ እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እኔ ያኔ «እትዬ፣ ሰውየውን አላውቃቸውም» ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን «በጣም ይወዱኝ ነበር» ነው።

ካፈርኩ አይመልሰኝ።

እንጀራውን በላሁት። ጥሩ እንጀራ ነበር።

ፊልሙ እንዲህ ያልቃል፦ ውሸቷ ይታወቃል፣ ያነገሣት ሕዝብ በተራው ይቀጠቅጣታል። እንደ ሌላ ፊልም ቢሆን አልቅሳ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ ታቅፋ ነበር የሚያበቃው። ሼፐርድ ይህን ከለከለቻት። ዳኒ ይቅርታ ልትጠይቅ ሮዋን ግጥም ወደምታቀርብበት አዳራሽ ትሄዳለች። ሮዋን መድረክ ላይ ወጥታ ዳኒ ያደረገችባትን በራሷ ቃል ታወርደዋለች። አዳራሹ ያጨበጭባል። ዳኒ አንድም ቃል ሳትተነፍስ ወጥታ ትሄዳለች። ብዙ ሰው «ምነው ይቅርታዋን ሳትጠይቅ?» ይላል። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። ወንበሩ ለባለቤቱ ተመልሷል፤ ከዚያ በኋላ የዳኒ እንባ ቢጨመርበት እንደገና «አይዞሽ» መለመን ነው።

እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እዚሁ ገጼ ላይ ረጅም የይቅርታ ጽሑፍ መጻፍ ነበር። ከዚያ የሚመጣልኝን ኮመንት በሐሳቤ ቆጠርኩት፦ «ጀግና ነህ»፣ «እንዳንተ ያለ ሐቀኛ ይብዛ»። ተውኩት። አሁን የምጽፈው መጀመሪያ መሄድ ወደሚገባኝ ቦታ ከሄድኩ በኋላ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም።

ባለፈው እሑድ ኮተቤ ሄድኩ። አክስቴ ቡና እያፈላች ነበር። ነገሩን ከሠርጉ ፎቶ ጀምሬ እስከ እንጀራው ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሰደበችኝም። ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀምጣ ረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«ታዲያ እኔ ያን ቀን ያለቀስኩት ለማነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሲኒዬን ተቀብላ አለቀለቀችና ቶናውን ቀዳችልኝ።